አረቄን ለማስቆም፣ ከፀበሉ በፊት

በወግዲና በመካነ ሰላም ዙሪያ ሰውን አረቄ ሲያሸንፈው ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ፀበልን ነው። ይህን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጀምበር ከመጠጥ ተነጥሎ፣ ባዶ ሆዱን ብርድ ላይ መዋሉ ነው።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። አንጎልም ድንዛዜውን ለመቋቋም ከልክ በላይ መንቃትን ይለምዳል። አረቄው በድንገት ሲቀር ያ መንቃት ልጓም ያጣል። ከመጨረሻዋ መለኪያ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የከፋው ሊመጣ ይችላል፤ ሰውየው ቀኑን ከሌሊት አይለይም፣ ከጋቢው ላይ የሌለ ትል ይለቅማል፣ ሚስቱን «አንቺ ማነሽ?» ይላታል። ይህን ያየ ሰው መንፈሱ ጮኸ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ቶሎ ካልታከመ የሚገድል ሕመም ነው።

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። ዲያዜፓም በባለሙያ ተለክቶ ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ ይሰጣል። ከአረቄ ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ስለሚያፍን ቤተሰብ በራሱ ገዝቶ መስጠት የለበትም። ቲያሚን የሚባለው ቫይታሚንም ከግሉኮስ በፊት ይሰጣል፤ ስኳሩ በሰውነት የተረፈችውን ጥቂት ቲያሚን ከጨረሳት አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር ስትጀምር የአልኮል ችግር በጤና ጣቢያ ሠራተኞች እንዲታከሙ ከተመረጡት ሕመሞች አንዱ ነበር። ስለዚህ ጉዞው ከጤና ጣቢያ ይጀምር፤ እዚያ እስኪደርስም መጠጡን በድንገት አትከልክሉት። ስንት እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደጠጣ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት እንደሚያውቅ ንገሩ። ጥሎት ካወቀ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም አለበት፤ መካነ ሰላም ካልተቻለ ደሴ። «ጫት ብቻ ነው» የሚባለውንም ስለ መጠጥ ጠይቁት፤ ምርቃናውን በመጠጥ የሚሰብር፣ ጨብሲ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከጠጪ አይቆጠርም።

በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ፀበልን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲወስዱ በይፋ አሳስበው ነበር። ለአረቄም ይኸው መንገድ ክፍት ነው። መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ መልሶ የመጠጣት ፈተና ለወራት ይከተላል፤ እዚህ ላይ የንስሐ አባትና የማኅበርተኛ እጅ ከክኒን ይበልጣል። ዝክር ሲደርስ ከጠላው ይልቅ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይቅረብለት፣ ጓደኞቹም «አንድ ብቻ» አይበሉት።