ቃል አልባ የፊልም ሙዚቃ የአንድን ስደተኛ ልጅ ሕይወት እንዴት ይተርካል?

ሾዋክ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአትባራ ወንዝ አቅራቢያ የምትገኝ የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ጦርነትና ረሃብ ያፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን ድንበር ሲሻገሩ፣ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን በምሥራቁ ክፍል ሥራውን ያካሂድባት ነበር።

በገዳሪፍ ዙሪያ በነበሩት እንደ ኡም ራኩባና ተዋዋ ባሉ መጠለያዎች ከተጠለሉት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል። ብዙዎቹ ማንነታቸውን ሰውረው ይኖሩ ነበር። በ1984 መገባደጃና በ1985 መባቻ፣ ወደ 8 ሺሕ የሚጠጉት «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ምስጢራዊ ተልዕኮ በካርቱም በኩል ወደ እስራኤል ተጓዙ።

ትውልደ ሮማኒያዊው ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ራዱ ሚሃይሌያኑ በ2005 ለዕይታ ያበቃው ፊልም የሚነሳው ከዚህ ታሪክ ነው። ርዕሱ በአማርኛ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። በሱዳን መጠለያ የምትገኝ አንዲት ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት ልጇን ከሞት ለማትረፍ ስትል፣ ልጇ ለሞተባት ቤተ እስራኤላዊት አሳልፋ ትሰጠዋለች። ልጁ በሟቹ ስም ሰሎሞን ተብሎ እስራኤል ይገባል፤ እውነተኛ ማንነቱን ግን መናገር አይችልም።

የማጀቢያ ሙዚቃው ሚና ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ባለታሪኩ ሊናገረው የማይችለው ናፍቆትና ፍርሃት በቃል ሊገለጥ አይችልም። ቃል የሌለው ሙዚቃ ግን ምስጢሩን ሳያወጣ ስሜቱን ለተመልካች ያደርሳል። ሙዚቃውን የደረሰው በኢየሩሳሌም ተወልዶ በሞሮኮ ያደገው አርማንድ አማር ነው።

ሰሎሞንን በልጅነት፣ በጉርምስናና በአዋቂነት የሚጫወቱት ሦስት የተለያዩ ተዋንያን ናቸው። ፊቱ፣ ድምፁና ቋንቋው ይለዋወጣሉ። እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ የተለያዩትን ዘመናት በአንድ ሰው ሕይወት ከሚያስተሳስሩት ነገሮች አንዱ ሙዚቃ ነው።

የፊልም ሙዚቃ ደራስያን ለዚህ የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ አለ። አንድ አጭር ዜማ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር ይቆራኛል። በመጀመሪያ በአንድ መሣሪያ ብቻ፣ በዝግታ ይሰማል። ባለታሪኩ ሲያድግ ምት ይታከልበታል፤ ሌሎች መሣሪያዎች ይቀላቀሉታል፤ ቅኝቱም ሊለወጥ ይችላል። አድማጭ ግን ዜማውን አይስተውም፤ ያደገ ዘመዱን እንደሚለይ ሰው ይለየዋል። ዘዴው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሪቻርድ ቫግነር ኦፔራዎች ዳበረ፤ ማክስ ስታይነር በ1933 ለ«ኪንግ ኮንግ» በሠራው ሙዚቃ ደግሞ በሆሊውድ ሥር ሰደደ።

ሙዚቃ ታሪክ የማሳሰብ ኃይሉ በጥናትም ታይቷል። ሳንድራ ማርሻልና አናቤል ኮኸን በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንዲት ክብ የሚንቀሳቀሱበትን አጭር ፊልም በተለያየ ሙዚቃ አጅበው አሳዩ። ሙዚቃው ሲለያይ፣ ተመልካቾች ለእነዚያ ግዑዝ ቅርጾች የሰጡት ባሕርይም ተለያየ።

ለኢትዮጵያውያን አድማጮች ይህ እንግዳ አይደለም። ትዝታ በማሲንቆ ወይም በዋሽንት ብቻ ሲሰማ ግጥም የለውም፤ ሆኖም አንዱ እናቱን፣ ሌላው ጥሎት የመጣውን ቀዬ ያስብበታል። ሙዚቃው የማንንም ስም ስለማይጠራ፣ ታሪኩን የሚሞላው አድማጩ ራሱ ነው።

የፊልሙ ታሪክ የሚነሳበት ምድር ዛሬም ከስደት አላረፈም። ኡም ራኩባ በ2020 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ዳግም ተቀብሏል። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መሻገር ጀመሩ።

በፊልሙ ፍጻሜ ሐኪም የሆነው ሰሎሞን ወደ ስደተኞች መጠለያ ተመልሶ እናቱን ያገኛል። ለዓመታት የተሸሸገው እውነት ያን ጊዜም በረጅም ንግግር አይገለጥም። የሚሰማው የእናቲቱ ጩኸት ነው።