ጠመኔ የሚያነሣ ትከሻ፦ ስለ ትከሻ አዟሪ ጅማቶች ጉዳት፣ ሕክምናና አያያዝ



የመምህር መሣሪያው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ መጽሐፍ፣ ሌላው ጠመኔ፣ ሌላው ደግሞ አንደበት ይላል። ሁሉም ልክ ነው። ጠመኔውን ወደ ሰሌዳው የሚያነሣው ትከሻ ግን ትዝ የሚለን እምቢ ያለን ዕለት ነው። እኛ ዕጩ መምህራን ሥልጠናችንን ስንጨርስ በየትምህርት ቤቱ ተመድበን በቀን አራትና አምስት ክፍለ ጊዜ ክንዳችንን ወደ ላይ ዘርግተን የምንውል ነን። ከመካከላችን ትከሻው ሌሊት ሌሊት የሚጠዘጥዘው፣ ግን የማስተማር ልምምዱ ያመልጠኛል ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ አይጠፋም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ጉዳት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታከምና ከእሱ ጋር እየኖሩ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. የትከሻችን አሠራር

የትከሻ መገጣጠሚያ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይዞራል። ይህን ነጻነት ያገኘው ግን በነጻ አይደለም። የላይኛው ክንድ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው። የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ግን ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ማለት ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀመጠ በቀላሉ አይናወጥም፤ ትከሻ ግን እንደዚያ አይደለም።

ታዲያ ብርቱካኑ ከስኒ ማስቀመጫው ላይ እንዳይንከባለል ማን ያዘው? አራት ጡንቻዎች ናቸው። ስማቸው ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ቴረስ ማይነር እና ሰብስካፑላሪስ ይባላል። ሁሉም በጀርባችን በኩል ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ይነሡና ጅማቶቻቸው በክንድ አጥንቱ ራስ ዙሪያ እንደ እጅጌ ጫፍ ተጠምጥመው ይያያዛሉ። በሕክምና ቋንቋ ሮታተር ካፍ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ አዟሪ ጅማቶች እንላቸዋለን። የመጀመሪያው ክንድን ወደ ጎን ለማንሣት ይረዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክንድን ወደ ውጭ ያዞራሉ። አራተኛው ወደ ውስጥ ያዞራል፤ እጃችንን ወደ ወገባችን ስናዞር የሚሠራው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን በኅብረት የሚሠሩት ነው፤ ይኸውም ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኳሱን በቦታው ጠብቆ ማቆየት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይጫናቸዋል።

2. ጉዳቱ እንዴት ይመጣል?

ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የመጀመሪያው፣ ማለትም የሱፕራስፓይናተስ ጅማት ነው። ይህ ጅማት የሚያልፈው ከትከሻችን ጫፍ ላይ እንደ ጣሪያ ከተዘረጋው አጥንት ሥር፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ጅማት ደግሞ እንደ ጡንቻ ብዙ ደም ስለማያገኝ ሲጎዳ ቶሎ አይጠግንም።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል።

ሀ/ በድንገት፦ በተዘረጋ እጅ ላይ መውደቅ፣ ከባድ ዕቃን ቦጭቆ ማንሣት፣ ኳስ በኃይል መምታት። በዚህ ጊዜ ጅማቱ በከፊል ወይም ጨርሶ ሊበጠስ ይችላል።

ለ/ ቀስ በቀስ፦ ክንድን ከትከሻ በላይ አንሥቶ ደጋግሞ መሥራት። ቀለም ቀቢዎች፣ አናጢዎች፣ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች፣ በሰሌዳ ላይ የሚጽፉ መምህራንም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከ40 ዓመት በኋላ ጅማቱ እየሳሳ ይሄዳል። ማጨስና የስኳር በሽታም ያባብሱታል።

አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። ምንም ሕመም የሌላቸው አዛውንቶች በመሣሪያ ሲታዩ ብዙዎቹ የተበጠሰ ጅማት ይዘው ይገኛሉ። ስለዚህ “ጅማትህ ተበጥሷል” ማለት ሁልጊዜ “ክንድህ አበቃለት” ማለት አይደለም። ሌሎቹ ጡንቻዎች ከሠለጠኑ የጎደለውን መሸፈን ይችላሉ።

3. ምልክቶቹ

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ትከሻው ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በላይኛው ክንድ ውጫዊ ጎን ነው። ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ መሀል ላይ ሲደርስ ይወጋል፤ ያንን ካለፈ በኋላ ቀለል ይላል። በታመመው ጎን ሲተኙ ይብሳል፤ እንቅልፍ ይነሣል። ፀጉር ማበጠር፣ ሹሩባ መሥራት፣ ልብስ ገመድ ላይ ማስጣት፣ ነጠላ ወደ ትከሻ መጣል ጭንቅ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ በሽታ አለ፤ ትከሻ ደርቆ የሚቀርበት ነው። መለያው እንዲህ ነው። በአዟሪ ጅማት ጉዳት ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ክንዱን ማንሣት ቢያቅተውም፣ ሌላ ሰው በቀስታ ደግፎ ሲያነሣለት ብዙውን ጊዜ ይነሣል። በደረቀ ትከሻ ግን ሌላ ሰውም ቢያነሣው እምቢ ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፦

– ከወደቁ ወይም ከተመቱ በኋላ ክንድ ጨርሶ አልነሣ ካለ፤
– የትከሻው ቅርጽ ከተለወጠ፣ ወይም እጅ ከደነዘዘ፤
– ትከሻው ቀልቶና አብጦ ትኩሳት ካለ፤
– የትከሻ ሕመም ከደረት ጭንቀት፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ። ይሄኛው የልብ ነገር ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም አይታለፍም።

4. “ወጌሻ ይሳበው?”

በአገራችን አጥንት ወለቀ፣ ጅማት ዞረ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወጌሻ ነው። ለዘመናት ሰው ሲረዱ የኖሩ ናቸውና በንቀት አናነሣቸውም። ነገር ግን እናስተውል፤ የተበጠሰ ጅማት ተስቦ አይገጥምም። በከፊል የተቀደደ ጨርቅ ሲሳብ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል።

ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ መረብ ኳስ ሲጫወት ወደቀ። በማግሥቱ ቅቤ ተቀብቶ፣ ክንዱ ተስቦ፣ ተጠምዝዞ መጣ። ለሦስት ሳምንት ቁጭ ብሎ አደረ ማለት ይቻላል። በኋላ ሐኪም አይቶት፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መልመጃ አሳየው። ወራት ቢፈጅም ዛሬ ክንዱን ከራሱ በላይ ያነሣል። ከዚህ የምንረዳው መጀመሪያ መመርመር፣ ከዚያ ማከም መሆኑን ነው። ለወላጆቻችንም “አይ፣ አይሳብ፤ አስቀድሞ ሐኪም ይየው” ብንላቸው ነውር የለበትም።

5. ሕክምናው

ለምርመራ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የባለሙያ ዓይንና እጅ ነው። ኤክስሬይ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። ጅማትን የሚያሳዩት አልትራሳውንድና ኤም.አር.አይ. ናቸው፤ ሆኖም ለሁሉም ታማሚ ወዲያውኑ አያስፈልጉም።

ስለ ቀዶ ጥገና ብዙ ይወራል። የቦስተኑ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን የተበጠሰን አዟሪ ጅማት በቀዶ ጥገና ስለ መስፋት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው፤ በ1934 ደግሞ ስለ ትከሻ ብቻ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1972 አሜሪካዊው ቻርልስ ኒር ከጅማቱ በላይ ያለውን የአጥንት ጣሪያ በመጥረብ መተላለፊያውን ማስፋትን አስተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ ይህ ቀዶ ጥገና በብዙ አገሮች ተዘወተረ። ይሁን እንጂ በ2018 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ጅማታቸው ጨርሶ ያልተበጠሰ 313 ታማሚዎችን በሦስት ከፈለ። አንዱ ወገን አጥንቱ ተጠረበለት፤ ሁለተኛው መሣሪያ ገብቶ ብቻ ምንም ሳይጠረብ ወጣለት፤ ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። የተጠረበላቸውና ያልተጠረበላቸው ሁለቱ የቀዶ ጥገና ወገኖች ውጤታቸው ተመሳሳይ ሆነ። እንግዲህ ቢላዋ ሁልጊዜ የመጀመሪያው መፍትሔ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

በ2021 የወጣ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ እኛን ይበልጥ ይመለከታል። ስብራት፣ ውልቃት ወይም ቀዶ ጥገና የሚሻ ብጥስ የሌለባቸው 708 ሰዎች ተጠኑ። አንዳንዶቹ እስከ ስድስት ጊዜ ወደ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሱ። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ተመክረው መልመጃውን በቤታቸው ሠሩ። ዓመቱን ሙሉ ሲታይ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሆስፒታል በእግር የቀን መንገድ በሆነበት ቦታ ለምንመደብ ሰዎች ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ አንድ ጊዜ በደንብ የተማሩት መልመጃ ቤት ድረስ ይከተላል።

መድኃኒትን በተመለከተ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሣሉ። አይቡፕሮፌን ጨጓራና ኩላሊት ላለበት ሰው ስለማይስማማ ባለሙያ ሳይጠይቁ መውሰድ አይገባም። የኮርቲዞን መርፌም ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ ይሰጣል፤ ጅማቱን ግን አይጠግንም። ቀዶ ጥገና በተለይ የሚታሰበው ጅማቱ በአደጋ በድንገት ጨርሶ ሲበጠስ፣ ወይም ወራት የፈጀ መልመጃ ሳይረዳ ሲቀር ነው። ከተሠራም በኋላ ክንዱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንገቻ ይታሰራል፤ ሙሉ አገልግሎት ለመስጠት ወራት ይፈጅበታል።

6. በቤት የሚሠሩ መልመጃዎች

አዲስ ጉዳት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚያሳምመውን ሥራ መተውና በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግ ይጠቅማል። ክንዱን ለሳምንታት አስሮ ማስቀመጥ ግን ትከሻውን ያደርቀዋል። ባለሙያ ካየው በኋላ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦

ሀ/ ዥዋዥዌ፦ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ማለትና የታመመውን ክንድ አንጠልጥሎ ለአንድ ደቂቃ በቀስታ ማወዛወዝ። ይህ መልመጃ በኮድማን ስም ይጠራል።

ለ/ ግድግዳ መውጣት፦ ከግድግዳ ፊት ቆሞ ጣቶችን እንደ ሸረሪት እያራመዱ ክንድን ወደ ላይ ማውጣት፤ ሲያም ማቆም፣ በቀስታ መመለስ።

ሐ/ ግድግዳ መግፋት፦ ክርንን ከጎን አጣብቆ በቀጥታ ማዕዘን ማጠፍ፤ የእጅን ጀርባ ግድግዳ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ለ5 ሰከንድ መግፋት። 10 ጊዜ መድገም።

መ/ በላስቲክ መሳብ፦ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ረዘም ያለ ቁራጭ ቆርጦ ከበር እጀታ ጋር ማሰር፤ ክርንን ከጎን ሳይለቁ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ መሳብ። ይህ የሚጀመረው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከቀለሉ በኋላ ነው።

ትንሽ ማመሙ አያስደንግጥ። ሕመሙ ግን ከባድ ከሆነ፣ ወይም እስከ ማግሥቱ ጧት ካልበረደ አብዝተናል ማለት ነው፤ እንቀንስ። ለውጥ ለማየት ወደ 12 ሳምንት ሊያስፈልግ ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

7. ከጉዳቱ ጋር እየኖሩ ማስተማር

– ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች መሙላት ግዴታ አይደለም። ከዓይናችን ትይዩ ጀምሮ ወደ ታች እንጻፍ፤ ቀርበን እንቁም፤ ክርናችን ዝቅ ይበል።
– ርእሱንና ቀኑን ከላይ ረዘም ያለ ተማሪ ይጻፍልን። ተማሪም ይሳተፋል፣ ትከሻም ያርፋል።
– ሰሌዳ ስናጠፋ በደህናው እጅ እናጥፋ። ረጅም ማስታወሻ ከሆነ ካርታና ሥዕል አስቀድመን በወረቀት አዘጋጅተን እንስቀል።
– ልብስ ስንለብስ የታመመውን ክንድ አስቀድመን እናስገባ፤ ስናወልቅ መጨረሻ እናውጣው።
– ጀሪካን ስንሸከም ከሰውነታችን አስጠግተን እንያዝ። በአውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት በደህናው እጅ እንያዝ።
– ስንተኛ በደህናው ጎን ተኝተን፣ የታመመውን ክንድ ከፊታችን በታጠፈ ጋቢ ላይ እናሳርፍ።

በመጨረሻም ለዕጩ መምህራን ጓደኞቻችን የምንለው ይህን ነው። ትከሻ ማመሙን መናገር ስንፍና አይደለም። አስቀድሞ የተናገረ ሰው የልምምድ ፕሮግራሙን ማስተካከል፣ ሰሌዳውን በዘዴ መጠቀም፣ መልመጃውንም በጊዜ መጀመር ይችላል። የደበቀ ግን ሌሊቱን በሕመም፣ ቀኑን በድካም ያሳልፋል፤ ተማሪዎቹም ከፊታቸው የቆመው ግማሽ መምህር ይሆንባቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ እንጠይቅ፣ እንታይ፣ እንለማመድ።

ለሁላችሁም ጤናና ብርቱ ክንድ እንመኛለን።