ሃይፐርቬንቲሌሽን እና የልብ ኢሲጂ

ሃይፐርቬንቲሌሽን ማለት ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ ቶሎ ቶሎ ወይም በጥልቀት መተንፈስ ነው። ደረቱን በሚያመው ሰው ላይ ሲከሰት፣ የልብን ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ የልብ ጡንቻ የደም እጥረትን የሚመስል ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የኢሲጂ ውጤት ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ ይነበባል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

በደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በጤነኛ ሰው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሰው ከመጠን በላይ ሲተነፍስ ይህ ጋዝ ይቀንሳል፣ የደሙም አሲድነት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ፖታሲየም ወደ ሴሎች ይገባል፤ በደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚገኘው ካልሲየምም ያንሳል። የከንፈርና የጣቶች መደንዘዝ፣ የእጅ ጣቶች መኮማተርና ራስ ማዞር የሚመጡት ከዚህ የተነሳ ነው።

በኢሲጂ ላይ የሚታየው

የኢሲጂ ሞገዶች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ እና ቲ ይባላሉ። ስያሜውን የሰጠው በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኔዘርላንድስ ሐኪም ዊለም አይንትሆቨን ነው። ቲ ሞገድ የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ለቀጣዩ ምት የሚዘጋጁበትን ጊዜ ያሳያል። በሃይፐርቬንቲሌሽን ጊዜ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ቲ ሞገድ ሊነጠፍ ወይም ሊገለበጥ፣ የኤስቲ ክፍል ዝቅ ሊል፣ የኪውቲ ርዝመትም ሊጨምር ይችላል። ይህ ልቡ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይም ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ትንፋሹ ሲረጋጋ ይጠፋል።

የመሳሳት አደጋ

ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። በጭንቀት ምክንያት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ጤነኛ ሰው የልብ ሕመምተኛ ነው ሊባል ይችላል። በአንጻሩ የልብ ደም ቅዳ ቧንቧው የተዘጋበት ወይም በሳንባው የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ያለበት ሰውም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ከተላከ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

በተጨማሪ ሃይፐርቬንቲሌሽን ራሱ የልብ ደም ቅዳ ቧንቧ እንዲኮማተር ሊያደርግ ይችላል። ማይረን ፕሪንዝሜታል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. በገለጸው የደረት ሕመም ዓይነት፣ ቧንቧው በድንገት ሲኮማተር የኤስቲ ክፍል ከፍ ይላል። ይህ እውነተኛ የደም እጥረት ነው።

ሁኔታውን ለመለየት ሐኪሞች ትንፋሹ ከተረጋጋ በኋላ ኢሲጂውን ይደግማሉ፣ የቀድሞ ኢሲጂ ካለ ያነጻጽራሉ፣ የልብ ጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየውን የትሮፖኒን የደም ምርመራም በሰዓታት ልዩነት ይሠራሉ። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የኦክስጅን መጠንን ስለሚቀንስ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

በመተማ ቆላ

በገንዳ ውሃና በመተማ አካባቢ ነገሩን የሚያወሳስቡ ሌሎች ምክንያቶች አሉ። ከባድ ወባ የደምን አሲድነት ሲጨምር፣ ሰውነት አሲዱን ለመቀነስ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ የሳንባ ምችም ትንፋሽን ያፈጥናል፣ ደረትንም ይወጋል። እንዲህ ያለው ፈጣን ትንፋሽ የጭንቀት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

አካባቢው ካላዛር የሚገኝበት ሲሆን፣ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች በብዛት ይጠቃሉ። ለሕክምናው የሚሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መርፌም ቲ ሞገድን ሊገለብጥና ኪውቲን ሊያስረዝም ይችላል። ይህ ለውጥ ትንፋሽ በመረጋጋቱ አይጠፋም፤ አደገኛ የልብ ምት መዛባትንም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ደረቱን ያመመው ሰው በቅርቡ የወሰደውን መድኃኒት መጠየቅ ኢሲጂውን ለማንበብ አስፈላጊ ነው።