14,000 ብር ሀብታም ያደርጋል?

«ደመወዜ ከ14,000 ብር ካለፈ 35 በመቶው ይቆረጣል፤ ጭማሪው ይቅርብኝ» የምትሉኝ በዝታችኋል። ተቀበሉት! 35 በመቶ የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። 15,000 ብር የሚያገኝ ተቀጣሪ የሥራ ግብሩ 3,200 ብር ነው፤ የደመወዙ 21 በመቶ ገደማ። (ጡረታው ለብቻው ነው፤ እሱንም ግብር እያላችሁ አትርገሙን።)

እኔን የሚከነክነኝ ጣሪያው ነው። በ2008ቱ አዋጅ ከፍተኛው እርከን የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 500 ዶላር ገደማ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ወደ 14,000 ከፍ ቢልም፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ 110 ዶላር እንኳ አይሞላም። ከግብር ነጻ የሆነው መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ማደጉ ደግ ነው። ነገር ግን በ15,000 ብር አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ልጅ የሚያሳድግ ሠራተኛና ግማሽ ሚሊዮን የሚከፈለው ሥራ አስኪያጅ አንድ የመጨረሻ እርከን ላይ መገናኘታቸው ፍትሐዊ አይደለም። ከላይ ተጨማሪ እርከን ያስፈልጋል፤ እርከኖቹም በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከሉ ሕጉ ማስገደድ አለበት።