የድሆችን ማእድ ስለ ማገልገል

ለተራበ ሰው እህል መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ያንን እህል ለቅሞ፥ አብስሎ፥ በሰዓቱ አቅርቦ ማብላት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የፊተኛውን እናደርጋለን፤ የኋለኛውን ለሌላ ሰው እንተዋለን። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ኋለኛው ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በኢየሩሳሌም ማኅበር ማጉረምረም እንደ ተነሣ እናነባለን፤ ነገር ግን እህል አነሰ የሚል ቃል በዚያ የለም። ማጉረምረሙ የተነሣው በየዕለቱ በሚታደለው ማእድ የአንዱ ወገን መበለቶች ስለ ተዘነጉ ነው። ሐዋርያትም ለዚሁ አገልግሎት 7 ሰዎች አስመርጠው እጃቸውን ጫኑባቸው፤ ከሰባቱም አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ወደ ማእድ ቤት መግባት ክብሩን የሚቀንስበት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው የኮልፌ ቀራንዮ ስም ጌታችን ተሰቅሎ የተጠማበትን ቦታ ያሳስባል። በዚያው ክፍለ ከተማ፥ በዘነበ ወርቅ ሰፈር፥ ከሥጋ ደዌ ለመፈወስ ከየአገሩ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። ከዚያም አጠገብ ቆሼ የሚባለው የከተማው የጥራጊ ክምር አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ይህ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሌላው የጣለውን ለቅመው የሚያድሩ ወገኖች እንዳሉን ብዙ ሰው ልብ ያለው በዚያን ጊዜ ነው።

በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ራብ በሆነ ጊዜ፥ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ የባለጸጎችን ጎተራ በትምህርቱ አስከፈተ፤ ራሱም እንደ አገልጋይ ታጥቆ ለተራቡት ሾርባ አቀረበ። በኋላም ለድሆችና ለሕሙማን ቤት ሠራ፤ ከእነርሱም መካከል የሥጋ ደዌ ያለባቸው ነበሩ።

ሥራውን የሚጀምር ሰው ይህን ይወቅ። በረቡዕና በዓርብ የጾም ወጥ ይሠራል። ሽሮና ምስር በሌላውም ቀን ይመረጣሉ፤ ሥጋ ሲሆን ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ድስት አይገናኙም፥ ሽሮ ሲሆን ግን ሁለቱም ይበላሉ። ብዙ ቀን ሳይበላ የሰነበተ ሰው ቢመጣ ርኅራኄ አሸንፎን ሆዱን በአንድ ጊዜ አንሙላው፤ እንዲህ ያለው ጥጋብ ይገድላልና። በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ደግሞም የመጣውን ሰው ለምን ደኸየህ ብሎ መመርመር አያስፈልግም። ሰልፉ ላይ ቆሞ መታየቱ ለእርሱ በቂ ፈተና ነው።

በአዲስ አበባ ተስፋ ብርሃን የሚባሉት የምገባ ማዕከላት ለችግረኞች በቀን አንድ ጊዜ ማእድ ያቀርባሉ። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ለድሃ የሚሰጥ አይጠፋም፤ እጅ የሚያጥረው ተራ ማክሰኞ ቀን ነው። ስለዚህ በየወሩ በ27 የመድኃኔ ዓለምን ጽዋ የምትጠጡ ማኅበርተኞች፥ 12 ብትሆኑ እያንዳንዳችሁ በወር 2 ጧት ብትሰጡ የ24 ቀን አገልግሎት ይሆናል። የቀሩትን 6 ቀኖች የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲይዙላችሁ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚመጣም በጽሑፍ ይቀመጥ።