የሥራ ውል ሲቋረጥ የመኖሪያ ፈቃድ ምን ይሆናል?

ሎጊያ ከሰመራ አጠገብ፥ ከአዲስ አበባ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ በኩል ወደ ጋላፊ ኬላ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ብቻ አይደሉም። ከወሎ፥ ከትግራይና ከሌላውም አገር የተነሡ ወጣቶች ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ፥ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ያልፉባታል። እነዚህ «በባሕር የሄዱ» ሲባሉ፥ በቦሌ በኩል ቪዛ ይዘው የሄዱት ደግሞ «በኮንትራት የሄዱ» ይባላሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጥ የምንሞክረው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ ምን ድረስ እንደሚጸና ነው፤ ይኸውም የኮንትራት ሠራተኛ ሥራው በተቋረጠ ጊዜ ቪዛው ምን እንደሚሆን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመግቢያ ቪዛ ከድንበር ያሳልፋል፤ የሥራ ውል ደመወዝንና ግዴታን ይወስናል፤ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በአገሩ ለመቀመጥ ያስችላል። ሦስቱ ወረቀቶች ልዩ ልዩ ቢሆኑም፥ በከፋላ ሥርዓት የሚታሰሩት በአንድ ሰው እጅ ነው፤ እርሱም ከፊል የሚባለው አሠሪ ነው። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ስትለይ የምታጣው ደመወዟን ብቻ አይደለም፤ በአገሩ የመኖር መብቷም አብሮ ይናጋል።

የሥራው መጨረሻ በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የውሉ ዘመን ሲፈጸም ነው፤ አሠሪው ሒሳብ ዘግቶ የመውጫ ቪዛ ካስፈጸመ ሠራተኛዋ በሰላም ትመለሳለች። ሁለተኛው አሠሪው ማሠራት ሲያቅተው ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደው ጥለዋቸው ሄደዋል። ሦስተኛው፥ ከሁሉም የከፋው፥ ደመወዝ ስለ ተከለከለች ወይም ስለ ተበደለች ከቤት የወጣች ሠራተኛ ነገር ነው። አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ካመለከተ፥ እርሱም ሁሩብ የሚባለው ክስ ነው፥ በቪዛ የገባችው ሴት ሕገ ወጥ ትሆናለች። ከዚህ በኋላ በጀልባ ከተሻገረው ወጣት የሚለያት ነገር ጥቂት ነው፤ ሁለቱም ቢያዙ የሚገናኙት ተርሒል በሚባለው ማጎሪያ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ባደረገችው አሰሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነዚህ መካከል በባሕር የገቡም፥ ለዑምራ ሄደው የቀሩም፥ ከአሠሪ ቤት የወጡም ነበሩ።

ፈቃድን ከሥራ ጋር ማያያዝ የዐረብ አገሮች ብቻ ልማድ እንዳይመስለን ያሻል። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ በአንድ በተወሰነ የሥራ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በመሠረቱ ለሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። በአሜሪካም ኤች 1 ቢ በተባለው ቪዛ የሚሠራ ሰው ሥራው ሲቋረጥ ሌላ አሠሪ የሚፈልግበት ወይም አገሩን የሚለቅበት እስከ 60 ቀን የሚደርስ ጊዜ ብቻ አለው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በዚያ ጊዜው የሚቈጠረው በሕግ ሲሆን፥ በከፋላ ግን ነገሩ በአብዛኛው በአሠሪው ፈቃድ ላይ ይወድቃል። ሠራተኛ ቤቱን ከለቀቀ ፈቃዱን እንደሚያጣ ካወቀ በደልን ታግሦ ይኖራል፤ አሠሪውም ይህን ያውቃል።

ይህን ቋጠሮ ለማላላት ጥቂት ተሞክሯል። ቀጠር በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፥ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ስምምነት ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወር ፈቀደች። ሳዑዲ ዐረቢያም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የመዛወርና የመውጣት ሥርዓቱን ብታሻሽል፥ የቤት ሠራተኞችና እረኞች ከማሻሻያው ውጭ ቀሩ። ከአገራችን የሚሄዱት አብዛኞቹ ግን የሚሠሩት በእነዚሁ ሥራዎች ነው። በእኛ በኩል አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛውን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣውንም ወጪ አሠሪው እንዲችል አዝዟል። ዳሩ ግን የእኛ አዋጅ በውጭ አገር ያለውን የመኖሪያ ፈቃድ ሊያድስ አይችልም።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ሎጊያ ይመልሰናል። አሻራው ተወስዶ የተባረረ ሰው በሥራ ቪዛ ዳግመኛ እንዳይገባ ይከለከላል። ዕዳው ግን በቤቱ ይጠብቀዋል። በአውሮፕላን የሄደበት በር ሲዘጋበት የቀረው የደላላው መንገድ ነው፤ እርሱም በሎጊያ የሚያልፈው ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ ወጣቶች ከመሄዳቸው በፊት በሚሰጣቸው ትምህርት ውስጥ ስለ ምግብና ስለ ልብስ አጣጣብ ከሚነገረው እኩል «ሥራው ቢቋረጥ ፈቃዴ በማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሊገባ ይገባል። ከመንግሥታት ጋር የሚደረገውም ውል ከደመወዙ ልክ አስቀድሞ፥ ሠራተኛዋ ከቤት በወጣች ማግሥት የሚኖራትን የቀን ብዛት ቢወስን፥ በዚህ መንገድ ተመልሶ የሚያልፈው ሰው ቊጥር በቀነሰ ነበር።