ከሥራ ቀርቶ የተመለሰን ሠራተኛ እንዴት እናነጋግር?

የዛሬው ርእሳችን አሠሪውንም ሠራተኛውንም ይመለከታል። አንድ ሠራተኛ በሕመም፣ በሐዘን ወይም በሌላ ችግር ቀርቶ ሲመለስ አሠሪው ምን ሊጠይቀው ይገባል? ምንስ ሊጠይቀው አይገባም?

በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይታያል። አንዱ አሠሪ ሠራተኛው ገና ከበሩ ሳይገባ በሰው ፊት ይቆጣዋል። ሌላው ዝም ብሎ ቂም ይዞ ይቆይና ወር ሲሞላ ደመወዙን ይቆርጣል። በሁለቱም መንገድ የመቅረቱ ምክንያት ሳይታወቅ፣ ችግሩም ሳይፈታ ይቀራል።

በቁርኣን አን-ነምል ምዕራፍ ውስጥ የተወሳው የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ለዚህ ትልቅ ትምህርት አለው። ሠራዊታቸውን ሲቃኙ ሁድሁድ የተባለችውን ወፍ አጧት። በቂ ምክንያት ካላቀረበች እንደሚቀጧትም ተናገሩ። በመጣች ጊዜ ግን ለቅጣት አልቸኮሉም፤ ከሰበእ አገር ያመጣችውን ወሬ እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ እውነት መሆኑንም ለማጣራት ደብዳቤ አስይዘው መልሰው ላኳት። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መቅረቱን ማስተዋል፣ ማዳመጥ፣ ማጣራት፣ ከዚያ በኋላ መወሰን።

ወደ ሥራ ቦታችን ስናመጣው፣ ውይይቱ ሠራተኛው በተመለሰበት ዕለት፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ይደረግ። በቅድሚያ «እንኳን ደህና መጣህ፣ እንዴት ነህ?» ይባል። ቀጥሎ የቀረበት ምክንያት፣ አሁን ሥራውን ለመሥራት መቻሉና ሊደረግለት የሚገባው እገዛ ይጠየቅ። ለምሳሌ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የተመለሰ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ለጥቂት ሳምንታት ጆንያ ከመሸከም ተርፎ ሚዛን ላይ ቢቆም ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሆኖም የሕመሙን ዝርዝር እንዲናገር ማስገደድ ተገቢ አይደለም፤ የነገረንም አማና ነውና ለሌላ አይወራም። በመጨረሻ የተስማሙበት በአጭሩ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ አሠራር ለዘመድም ለባዕድም እኩል መሆን አለበት።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ለሞተበትም ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ አለው። ስለዚህ በቂም የሚቆረጥ ደመወዝ ሕግ የሰጠው መብት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሰው ሐቅ መብላት ነው።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። በሕመም የቀረ ሠራተኛ፣ ማስታወቅ የማይቻልበት ሁኔታ ካልገጠመው በስተቀር፣ በማግስቱ ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ድርጅት ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በጽሑፍ እየተሰጠው ላለው ማስጠንቀቂያ ሳይታረም በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የሚቀር ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ስለሆነም ዋሽቶ ፈቃድ መውሰድ ወንጀሉም ኪሳራውም በራሱ ላይ ነው።

ማጣራት ሲባል ግን ያለንበትን ሁኔታ ማገናዘብ ያሻል። ከደብረ ወርቅ ለሕክምና ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሄደ ሰው መንገድ ቢዘጋበት፣ ስልክም ቢቋረጥ፣ በማግስቱ ሊያሳውቅ አይችልም። ይህን እንደ ጥፋት የሚቆጥር አሠሪ እንጀራውን የሚዘጋው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ቤተሰብ ላይ ነው።

የሩብ ሰዓት ውይይት የብዙ ዓመት የሥራ ባልደረባን ከመለየት ያድናል። አላህ ሐቅን ጠባቂዎች ያድርገን።